የሲፒዩ ሙቀት፦ ሁለት ፕሮግራም ሁለት ቁጥር ሲያሳይ የትኛውን እንመን?

አንዱ ፕሮግራም 38 ዲግሪ ይላል፤ ሌላው 57። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ገብታችሁ ስታዩት ደግሞ 49። ኮምፒውተሩ ያው፣ ፕሮሰሰሩ (ሲፒዩው) ያው። እንዲህ ሲገጥመን ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «የትኛው ነው የሚዋሸው?» የሚለው ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜማ ከፍ ያለውን ቁጥር አምኜ፣ ደህና የነበረውን ኩለር (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ነቅዬ፣ ቴርማል ፔስቱን (በመካከላቸው የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጌ አዲስ ቀብቼ መለስኩት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ለካስ ሳነብ የከረምኩት ከፕሮሰሰሩ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ሽቦ እንኳ ያልተያያዘበት የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) የሴንሰር መግቢያ ኖሯል።

ፕሮግራሞቹ የራሳቸው ቴርሞሜትር የላቸውም። ፕሮሰሰሩ ውስጥና ማዘርቦርዱ ላይ የተተከሉ በርካታ ሴንሰሮች አሉ። ፕሮግራሙ ከእነዚህ የተወሰኑትን ያነብባል፣ ያነበበውን ጥሬ ቁጥር ወደ ዲግሪ ይለውጣል፣ ስም ሰጥቶ ያሳያል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሁለት ፕሮግራሞች የሚለያዩት እንግዲህ የተለያየ ሴንሰር ስላነበቡ፣ አንዱኑ ሴንሰር በተለያየ ሒሳብ ስለለወጡት፣ ወይም በተለያየ ቅጽበት ስላነበቡት ነው። ትኩሳት በአፍ ሲለካና በብብት ሲለካ ቁጥሩ ይለያያል፤ ቴርሞሜትሩን ግን ማንም ውሸታም አይለውም። ስለዚህ ከፕሮግራም ምርጫ በፊት የሴንሰር ምርጫ ይቀድማል።

ኢንቴል፦ ከጣሪያ ወደ ታች መቁጠር

በኢንቴል ፕሮሰሰሮች እያንዳንዱ ኮር (ሥራ የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ውስጥ ዲጂታል ሴንሰር አለ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ ይህ ሴንሰር «አሁን 57 ዲግሪ ነኝ» ብሎ አይናገርም። የሚናገረው ከጣሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ጣሪያው ቲጄ ማክስ ይባላል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምርበት የሙቀት መጠን ነው። ሴንሰሩ «43 ይቀረኛል» ካለ፣ ጣሪያውም 100 ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ቀንሶ 57 ብሎ ይጽፋል። ጣሪያውን 105 ነው ብሎ የያዘ ፕሮግራም ከዚያው ንባብ 62 ያወጣል። ሁለቱም በትክክል አንብበዋል፤ የተለያዩት በመነሻው ላይ ነው።

ይህ ችግር ኮር 2 በተባሉት የቆዩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዘመን እጅግ የበረታ ነበር። በእነዚያ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያው ከቺፑ የሚነበብ አልነበረም፤ ስለዚህ የፕሮግራሞቹ ጸሐፊዎች ይገምቱ ነበር፣ አንዱ 95፣ አንዱ 100፣ ሌላው 105። በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጡት የኔሃለም ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ግን ጣሪያው ቺፑ ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ግምቱ በአመዛኙ ቀርቷል። የቆየ ማሽን ያላችሁ ሰዎች ይህን ምልክት ያዙት፦ የሁለቱ ፕሮግራሞች ልዩነት ማሽኑ ሲያርፍም ሲሠራም ሁልጊዜ ልክ 5 ወይም ልክ 10 ከሆነ፣ ሴንሰሩ አንድ ነው፣ የተለያየው የተነሡበት ጣሪያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሴንሰሮች የተሠሩት ፕሮሰሰሩን ከመቃጠል ለማዳን ስለሆነ ይበልጥ የሚታመኑት ጣሪያው አጠገብ ነው። ወደ ታች በራቁ ቁጥር ስሕተታቸው ይሰፋል። ማሽኑ አርፎ ሳለ አንዱ ኮር 31፣ ጎረቤቱ 37 ቢል ኩለሩ ተጣመመ ብላችሁ አትደንግጡ። በአንዳንድ የድሮ ፕሮሰሰሮች ሴንሰሩ ከተወሰነ ሙቀት በታች ጨርሶ ይቆም ነበር፤ ክፍሉ ቢቀዘቅዝ ባይቀዘቅዝ ቁጥሩ እዚያው ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓት የሚታይ ልዩነት እንቅልፍ ሊነሳችሁ አይገባም።

ኤኤምዲ፦ ሆን ተብሎ የተጋነነ ቁጥር

ኤኤምዲ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ ግራ ያጋባል። ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ዋና ቁጥር ቲሲቲኤል (ቲ-ኮንትሮል) ይባላል፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ለቁጥጥር፣ በተለይም ፋኑ ምን ያህል መሽከርከር እንዳለበት ለመወሰን የተበጀ ነው። ፌኖምና ኤፍኤክስ በተባሉት የቆዩ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ዘመን ይህ ቁጥር ጭራሽ የእውነት ሙቀት አልነበረም፤ ወደ ከፍተኛው ገደብ ምን ያህል እንደተጠጋ የሚያሳይ ሚዛን እንጂ። ለዚህ ነው የኤፍኤክስ ባለቤቶች ማሽኑ ሲያርፍ ከክፍሉ አየር የቀዘቀዘ ፕሮሰሰር ያዩ የነበረው። በአየር የሚቀዘቅዝ ነገር ካለበት አየር ሊቀዘቅዝ አይችልምና ቁጥሩ በቁሙ መወሰድ እንዳልነበረበት ግልጽ ነው። በሊኑክስ ኬ10ቴምፕ የተባለው ድራይቨር (ሲስተሙ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) በአንዳንድ የዚያ ዘመን ፕሮሰሰሮች ላይ «ሴንሰሩ አይታመንም» የሚል መልእክት ጽፎ ንባቡን እስከመከልከል ይደርሳል። ይህን ያህል ቅን የሆነ ሶፍትዌር ብዙ አላየሁም።

በ2017 እ.ኤ.አ. ራይዘን የተባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ሲመጡ ሌላ ጣጣ ተከተለ። በ1700ኤክስና በ1800ኤክስ ላይ ቲሲቲኤል ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ እንዲነበብ ተደረገ። ምክንያቱ የተለያዩ ሞዴሎች አንድ ዓይነት የፋን አሠራር እንዲኖራቸው ነበር። በ2700ኤክስ ጭማሪው 10፣ በመጀመሪያው ትሬድሪፐር 1950ኤክስ ደግሞ 27 ነው። ጭማሪውን የሚያውቅ ፕሮግራም ቀንሶ ቲዳይ የተባለውን እውነተኛውን የቺፕ ሙቀት ያሳያል፤ የማያውቅ ወይም ያልታደሰ ፕሮግራም ጥሬውን ያቀርባል። 1800ኤክስ ላይ አንዱ 45፣ ሌላው 65 ካሉ ምስጢሩ ይኸው ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3000 ተከታታይ ጀምሮ ቲሲቲኤልና ቲዳይ በተለመዱት የዴስክቶፕ ሞዴሎች አንድ ሆነዋል። ታዲያ ልዩነቱ ለምን አልጠፋም? ፕሮሰሰሩ በትንንሽ ቺፖች ተከፋፍሎ መሠራት ስለጀመረ ነው። አሁን የዋናው ቁጥር፣ ኮሮቹን የያዘው የየቺፑ ሙቀት (ሲሲዲ 1፣ ሲሲዲ 2 ተብሎ የሚጻፈው) እና የጠቅላላው አማካይ ለየብቻ ይነበባሉ። ዋናው ቁጥር በጣም የጋለውን ነጥብ ስለሚከተል ከአማካዩ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የኤኤምዲ የራሱ ፕሮግራም ራይዘን ማስተር በእነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚያሳየው በአማካይ የለሰለሰ ቁጥር ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ሹል ሹሉን ያሳያሉ። አንዱ 48 ሌላው 59 ቢሉ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ማዘርቦርዱ የሚናገረው

ከፕሮሰሰሩ ውጪ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሱፐር አይኦ የሚባል ቺፕ አለ። ብዙውን ጊዜ የኑቮቶን፣ የአይቲኢ ወይም የፊንቴክ ሥራ ነው። የፋን ፍጥነትን፣ ቮልቴጅን እና በሰሌዳው ላይ የተበተኑ የሙቀት ሴንሰሮችን የሚያነብበው እሱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ ከሚቀመጥበት መግጠሚያ) ሥር ወይም አጠገብ ይተከላል፤ «ሲፒዩ» የሚል ስምም ይሰጠዋል። ሲሊኮኑ (ቺፑ ራሱ) ውስጥ ስላልሆነ ሙቀቱ የሚደርሰው ዘግይቶና ቀዝቅዞ ነው። ፕሮሰሰሩ 85 ሲደርስ ሶኬቱ ገና 60 ላይ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል አዳዲስ ማዘርቦርዶች ፔሲ በተባለ መስመር የፕሮሰሰሩን ዲጂታል ንባብ በቀጥታ ተቀብለው ያንኑ «ሲፒዩ» ይሉታል። ስሙ አንድ፣ የሚለካው ነገር ሁለት ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ያልተገጠሙት መግቢያዎች ናቸው። ሱፐር አይኦው ስድስት ሰባት የሙቀት መግቢያ ሊኖረው ይችላል፤ ማዘርቦርድ ሠሪው ሦስቱን ብቻ ይጠቀማል። የተቀሩት ባዶ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ግን ያነብባቸዋል። ውጤቱ 127 ዲግሪ፣ ከዜሮ በታች 60፣ ወይም ይባስ ብሎ እንደ 92 ያለ «ሊሆን የሚችል» ቁጥር ነው። እኔን ኩለር ያስነቀለኝ እንዲህ ያለው ነው። ቴምፒን 0፣ ሲስቲን፣ ኦክስቲን የመሳሰሉ ስሞች ስታዩ ፕሮግራሙ ራሱ ምን እንደሚያነብ እንዳላወቀ ቁጠሩት። ሊኑክስ ላይም ኤሲፒአይ ቴርማል ዞን የሚባለው ንባብ በብዙ ዴስክቶፖች ከ27.8 ዲግሪ ፈቀቅ የማይል፣ ለይስሙላ የተቀመጠ ቁጥር ነው።

የሰዓት ጉዳይ

በቅጽበት የሚመጣው ልዩነት አጭር ማብራሪያ ይበቃዋል። ዘመናዊ ፕሮሰሰር አንድ ገጽ ሲከፈት በሰከንድ ክፍልፋይ 10 እና 15 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል። አንዱ ፕሮግራም በየሰከንዱ፣ ሌላው በየሁለት ሰከንዱ ካነበበ አንዱ ዝላዩን ያገኘዋል፣ ሌላው ያመልጠዋል። ማንበቡ ራሱም ሥራ ነው፤ ያንቀላፋ ኮር ለመነበብ መንቃት አለበት፣ ሲነቃ ደግሞ ይሞቃል። ባዮስ ውስጥ የሚታየው ከዊንዶውስ ዕረፍት ከፍ የሚለውም በዚሁ መንገድ ነው፦ እዚያ ኃይል ቆጣቢው አሠራር በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፣ ፕሮሰሰሩ አያንቀላፋም። ባዮስ 49፣ ዊንዶውስ 36 ቢሉ አትገረሙ።

እንግዲህ ፕሮግራሞቹን እናወዳድር

ለእኔ የፕሮግራም መለኪያው አንድ ነው፦ ቁጥሩ ከየትኛው ሴንሰር እንደመጣ ይነግረኛል ወይስ አይነግረኝም?

በዚህ መለኪያ ኤችደብሊው ኢንፎ ይቀድማል። እያንዳንዱን ንባብ ከምንጩ ጋር ለይቶ ያስቀምጣል፤ የፕሮሰሰሩ ዲጂታል ሴንሰር በአንድ ክፍል፣ የሱፐር አይኦው በሌላ ክፍል፣ የቺፑ ስም ሳይቀር። ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና አማካይ አለው፤ በኢንቴል ላይ ከጣሪያው የቀረውን ርቀትና ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነት ቀንሶ እንደሆነ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ያሳያል። ለግል አገልግሎት በነጻ ነው። ጉድለቱ ብዛቱ ነው፤ መጀመሪያ የከፈተ ሰው መቶ መስመር ሲወርድበት ይደነግጣል። ስትከፍቱት «ሴንሰር ብቻ» የሚለውን ምረጡ፤ የማትፈልጉትን መስመር ደግሞ ደብቁ።

ኮር ቴምፕ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትንሽ መስኮት፣ የየኮሩ ሙቀት፣ ከላዩ ደግሞ ቲጄ ማክስ በግልጽ ተጽፎ። የሚያነብበው ከፕሮሰሰሩ ብቻ ስለሆነ የማዘርቦርዱ ውዥንብር አይገባበትም። ኢንቴል ላለውና «ፕሮሰሰሬ ስንት ደረሰ?» ከሚለው ሌላ ጥያቄ ለሌለው ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በአዳዲስ ራይዘኖች ላይ ግን የቺፖቹን ዝርዝር ስለምፈልግ ወደ ኤችደብሊው ኢንፎ እመለሳለሁ።

ኤችደብሊው ሞኒተር ሲፒዩ-ዚን ከሠሩት ሰዎች የመጣ ነው። ቀላልና ንጹሕ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ክፍል አያሳስትም። ማዘርቦርዱ ክፍል ውስጥ ግን ስም አልባ መግቢያዎችን ስለሚደረድር ብዙ ድንጋጤ የሚመጣው ከእሱ ሥዕል ነው። ከተጠቀማችሁበት በፕሮሰሰሩ ስም ሥር ያለውን ብቻ እዩ፤ በማዘርቦርዱ ስም ሥር ያለውን እለፉት።

ሊብሬ ሃርድዌር ሞኒተር ኮዱ ክፍት ለሆነ ሶፍትዌር ለሚያደሉ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይታደስ ከቆየው ከኦፕን ሃርድዌር ሞኒተር የተቀዳ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ፣ አሮጌው አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን በደንብ አያውቃቸውም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ዊንሪንግ ዜሮ የተባለ ድራይቨር ይጠቀሙ ነበር፤ ድራይቨሩ የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ ስላለው በ2025 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ ዲፌንደር ማገድ ጀመረ። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ሙቀቱ ባዶ ሆነ» ከሆነ ነገሩ፣ አዲሱን ስሪት አውርዱ እንጂ ዲፌንደርን አታጥፉ።

የአምራቾቹ ፕሮግራሞች፣ ራይዘን ማስተርና የኢንቴሉ ኤክስቲዩ፣ የየቤታቸውን ፕሮሰሰር ስለሚያውቁ የመነሻ ስሕተት አይሠሩም። ለማመሳከሪያ ጥሩ ናቸው። ለዘወትር ክትትል ግን አልመርጣቸውም፤ ዋና ሥራቸው ፍጥነትና ቮልቴጅ መነካካት ነው፣ ሙቀት ለማየት ብቻ የገባ ሰው ያላሰበውን ሊለውጥ ይችላል። ከማዘርቦርድ ጋር የሚመጡትን ፕሮግራሞች ለሙቀት ንባብ አልጠቀምባቸውም፤ «ሲፒዩ» ከሚል አንድ ቁጥር ሌላ ምንጩን አይነግሩም። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የግራፊክስ ካርድ ሙቀት እንጂ የፕሮሰሰር አያሳይም። ሊኑክስ ላይ ምርጫው ቀላል ነው፦ ኤልኤም ሴንሰርስን ጫኑና በኢንቴል ኮርቴምፕ፣ በኤኤምዲ ኬ10ቴምፕ ከሚለው ሥር ያለውን አንብቡ።

በራሳችሁ ማሽን መፈተን

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ሁለት የክትትል ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ሱፐር አይኦው የሚነበበው በሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ የሚፈለገው ሴንሰር ቁጥር ይጻፋል፣ ከዚያ መልሱ ይነበባል። በሁለቱ መካከል ሌላ ፕሮግራም ገብቶ ሌላ ቁጥር ቢጽፍ፣ የመጀመሪያው የሌላ ሴንሰር መልስ ይዞ ይሄዳል። ድንገት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል 120 ዲግሪ ወይም ቆመ የተባለ ፋን ብዙ ጊዜ የዚህ ግጭት ውጤት ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተራ የሚጠባበቁበት ቁልፍ ይጋራሉ፤ ሁሉም ግን አይጋሩም። ማወዳደር ካለባችሁ አንዱን ዘግታችሁ ሌላውን ክፈቱ።

ከዚያ ሥራ ስጡት። ፕራይም 95 ወይም ሲኒቤንች የተባሉትን ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቁ የሙከራ ፕሮግራሞች አስነሡና ቁጥሮቹን እዩ። በአንድ ሁለት ሰከንድ 20 እና 30 ዲግሪ የዘለለው ሲሊኮኑ ውስጥ ያለው ሴንሰር ነው። ቀስ ብሎ በደቂቃዎች የሚወጣው ሶኬቱ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲቃጠል እሱ ንቅንቅ የማይለው ባዶ መግቢያ ነው፤ ደብቁት። ሥራውን ስታቆሙ ደግሞ ሲሊኮኑ ወዲያው ይወርዳል፣ ሶኬቱ ይንቀራፈፋል። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ የፕሮግራሞቹ ስም አያሳስታችሁም።

የትኛው ቁጥር ለየትኛው ጥያቄ

«ፕሮሰሰሬ አደጋ ላይ ነው ወይ?» ለሚለው፣ በሥራ ጊዜ የታየውን ከፍተኛውን የኮር ወይም የቲሲቲኤል ቁጥር ከራሱ ጣሪያ ጋር አስተያዩ። ጣሪያው ከሞዴል ሞዴል ይለያል፦ ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100፣ ራይዘን 5800ኤክስ 90፣ 7800ኤክስ3ዲ 89። አብዛኞቹ የራይዘን 7000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያቸው 95 ነው፤ ኃይለኞቹ ደግሞ ከባድ ሥራ ሲሰጣቸው ሆን ብለው እስከዚያው ይወጣሉ፤ ብልሽት አይደለም። በኢንቴል ሰነድ ቲኬዝ የሚባለውን ቁጥር ግን ከፕሮግራም ንባብ ጋር አታወዳድሩ። ለምሳሌ የኮር አይ7-4770ኬ ቲኬዝ 72.72 ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ በፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን መሐል ላይ በላቦራቶሪ የሚለካ ነው፣ የትኛውም ፕሮግራም አያነብበውም። የዚያው ፕሮሰሰር ኮሮች ጣሪያ 100 ነው። 75 አይተው ገደቡን አለፍኩ ብለው የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ኩለር ከኩለር ለማወዳደር ከፍተኛው ቁጥር አይጠቅምም፤ አንድ ዝላይ ያበላሸዋል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ በኋላ የተረጋጋውን አማካይ ወስዳችሁ የክፍሉን ሙቀት ቀንሱ። ክፍሉ በጠዋት 20፣ ከሰዓት በኋላ 27 ከሆነ የሰባቱ ዲግሪ ልዩነት የኩለሩ አይደለም። በሁለቱም ሙከራ ፕሮግራሙ ያው ይሁን፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ይጣፋል።

ፋን ለመቆጣጠር ደግሞ ዘገምተኛው ቁጥር ይሻላል። ዘላዩን ቲሲቲኤል የሚከተል ፋን በየደቂቃው እየጮኸ ይወርዳል። ባዮስ ውስጥ ፋኑ ከለውጡ በኋላ ጥቂት ሰከንድ እንዲታገስ የሚያደርግ አማራጭ ካለ ክፈቱት፤ ከሌለ ከአማካዩ ወይም ከሶኬቱ ሴንሰር ጋር አያይዙት።

ላፕቶፕ ላይ ምርጫው ይጠባል። ሶኬትም ዝርዝር የማዘርቦርድ ንባብም እምብዛም አይገኝም፤ በኢንቴል የጠቅላላ ፓኬጁን ሙቀት፣ በኤኤምዲ ቲሲቲኤልን ይዛችሁ፣ ፍጥነት መቀነሱን የሚያሳየውን «አዎ» ወይም «አይ» ተመልከቱ። ቀጭን ላፕቶፕ በከባድ ሥራ 95 ቢደርስ ያልተለመደ አይደለም። እኔ የምፈትሸው ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ሥራ ስንት እንደነበረ ነው፤ ያኔ 84 ከነበረና አሁን 97 ሆኖ «አዎ» ካለ፣ በዚያን ጊዜ ነው ጀርባውን ከፍቼ አቧራ የምጠርገው።